ልጆች ይዞ ላሊበላ፦ ለኮምቦልቻዋ እናት የተሰጠ መልስ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። የ8 ዓመት ወንድ፣ የ5 ዓመት ሴት፣ አንድ ዓመት የሞላው ሕፃንም አለኝ። ላሊበላን ልናሳያቸው አስበናል። ባለቤቴ ‹11ዱንም አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ቀን እንጨርሳለን› ይላል። አማቴ ደግሞ ‹ገደልና ጨለማ ያለበት ቦታ ሕፃን አይወሰድም› ብለው ተቆጥተዋል። እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ልጆቹን ይዘን መግባት እንችላለን? ለገና ብንመጣስ ይሻላል?»

እህቴ፣ አብሽሪ፤ መልሱ አዎ ነው። ልጆችሽን ይዘሽ ነይ። እኔ ላሊበላ ተወልጄ ያደግሁ፣ ሥራዬም እንግዳ ማስጎብኘት የሆነ ሰው ነኝ። ልጆች ቦታውን ከእኛ ከትልልቆቹ በተሻለ ያዩታል ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ትልቅ ሰው ዓመተ ምሕረት ይጠይቃል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ያልፋል። ልጅ ግን ግድግዳውን ይዳብሳል፤ ቀዳዳ ካየ አንገቱን ያስገባል። «ከውስጥ የወጣውን ድንጋይ ሁሉ የት ጣሉት?» ብሎ ድርቅ ይላል። ይህን ጥያቄ ተመራማሪዎችም ይጠይቁታል።

አማትሽም ግን እውነት አላቸው። ላሊበላ ላይ ልጅን የሚያስፈነጥዘው ነገርና ልጅን የሚጎዳው ነገር አንድ ቦታ ላይ ናቸው። ዋሻው፣ ጠርዙ፣ ጠባቡ መተላለፊያ፣ ያረጀው ደረጃ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው። ስለዚህ ጉዞው የሚያምረው ሁለት ነገር ካደረጋችሁ ነው። አንደኛ ቁጥሩን ቀንሱ። ሁለተኛ የት ላይ እንደምትጠነቀቁ አስቀድማችሁ እወቁ።

ከቁጥሩ ልጀምር። ባለቤትሽ ቅር አይበለው እንጂ 11ዱን በአንድ ቀን መጨረስ ለልጅ ቅጣት ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ በሁለት ወገን ተከፍለው ይገኛሉ፤ መሃላቸውን ዮርዳኖስ የሚባለው ቦይ ይለያቸዋል። ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ራቅ ብሎ ብቻውን ነው። በእያንዳንዱ በር ጫማ ይወለቃል፣ ጫማ ይደረጋል። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ የ5 ዓመቷ ልጅ እግሯን እስከ ጉልበቷ ታነሳለች። አምስተኛው ላይ ስትደርሱ ትንሿ ታለቅሳለች፣ ትልቁ ይሰለቻል፣ ሕፃኑ ይራባል። ያኔ የምታዩት ነገር ሁሉ ድንጋይ ብቻ ይሆንባችኋል።

እኔ ብሆን ሁለት ቀን ይዤ ሦስት አብያተ ክርስቲያናት እመርጣለሁ፦ ቤተ መድኃኔዓለም፣ ቤተ ማርያምና ቤተ ጊዮርጊስ። አቅም ከተረፈ ከደቡብ ምሥራቁ ወገን አንድ ይጨመራል። ሌላው ልጆቹ ሲያድጉ ይደርሳል፤ ድንጋዩ የትም አይሄድም።

ከመምጣታችሁ በፊት ቤት ውስጥ አንድ ሥራ ስጫቸው። ለሁለቱ ልጆች አንድ አንድ የልብስ ሳሙናና አንድ አንድ ማንኪያ አድያቸው። «ከዚህ ሳሙና ቤት ሥሩ። ግን ቆርጣችሁ መልሳችሁ መለጠፍ የለም፤ ከላይ ወደ ታች እየፋቃችሁ ብቻ» በያቸው። ጣሪያው መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ ግድግዳው፣ መጨረሻ በሩ። አንዱ ጥግ ከተሰበረ አለቀ፣ መጠገኛ የለውም። ልጅሽ ቤተ መድኃኔዓለምን ሲያይ ያ ሳሙና ትዝ ይለዋል። ርዝመቱ ከ33 ሜትር በላይ፣ ስፋቱ ከ23 ሜትር በላይ፣ ቁመቱ 11 ሜትር ገደማ የሆነ ቤት ከአንድ አለት ተፈልፍሎ መውጣቱ ምን ማለት እንደሆነ በጣቱ ያውቀዋል። እኔ በቃል ባስረዳው ይህን ያህል አይገባውም።

ታሪኩንም ማታ ማታ አጫውቻቸው። ንጉሥ ላሊበላ ከዛጉዌ ነገሥታት አንዱ ነው፤ የነገሠው በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ገደማ ነው። ከተማዋም ያኔ ሮሃ ትባል ነበር። ሲወለድ የንብ መንጋ ከበበው ይባላል፤ ለልጅ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ቀን ሰው ሲፈለፍል ውሎ ማታ መላእክት ይቀጥሉበት እንደነበርም ይነገራል። ለትልቁ ልጅ ደግሞ የአፍሮ አይገባን ታሪክ ንገሪው። አፍሮ አይገባ በቤተ መድኃኔዓለም የሚገኝ የላሊበላ የወርቅ መስቀል ነው። በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ከአገር ወጣ፤ ቤልጅየም ውስጥ ተገኝቶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመለሰ። ይህን የሰማ የ8 ዓመት ልጅ ቤተ መድኃኔዓለም ሲገባ ዓይኑ ሌላ ይሆናል።

አሁን ወደ ጥንቃቄው። ትልቁ አደጋ ጨለማው አይደለም፤ ጠርዙ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ያህል ወደ ታች የተፈለፈለ ነው። ከላይ ሆነሽ ስታዪው የመስቀል ቅርጽ ያለው ጣሪያው ከመሬት እኩል ነው። ጣሪያውና አንቺ በቆምሽበት መሬት መካከል ግን ጥልቅ ክፍተት አለ። ዙሪያውን አጥር የለውም። ልጅ ከሩቅ ሲያየው ጉድጓዱ አይታየውም፤ ሜዳ ላይ የተነጠፈ መስቀል ነው የሚመስለው። ወደ እሱ ሮጦ ይሄዳል።

ስለዚህ ይህን ሕግ ከመኪና ከመውረዳችሁ በፊት ንገሯቸው፦ ጠርዝ አጠገብ ማንም አይቆምም፣ ሁሉም ይቀመጣል። ትልቅ ሰውም ይቀመጣል። ከጠርዙ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ያህል ራቅ ብላችሁ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ ሆናችሁ እዩ። የተቀመጠ ልጅ ተደናቅፎ አይወድቅም። አንድ ልጅ ለአንድ አዋቂ ይሁን፤ ለሦስት ልጆች ሁለታችሁ ብቻ ከሆናችሁ አስጎብኚያችሁ ትልቁን እንዲይዝ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ፎቶ የሚያነሳው ሰው ልጅ አይይዝም፤ ልጅ የያዘው ፎቶ አያነሳም። ይህን አጥብቄ የምለው የማየው ነገር ስላለ ነው፤ አባት ስልኩን ሲያስተካክል ልጁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ሕፃኑን በተመለከተ፦ የሕፃን ጋሪ እርሺው፤ አንድም ቦታ አይሠራም። አንቀልባ ነው የሚያዋጣው። ግን አንድ ነገር ልብ በይ። ሜዳ ላይ በጀርባ ማዘል ጥሩ ነው። መተላለፊያ ውስጥ ስትገቢ ግን ወደ ፊት አዙረሽ በደረትሽ ያዢው። የዋሻው ጣሪያ ዝቅ ሲል አንቺ ጎንበስ ትያለሽ፤ ያዘልሽው ልጅ ራስ ያኔ ከላይ ይሆናል፣ አለቱም ያገኘዋል። አንቺ ደግሞ ከኋላ ስለሆነ አታዪውም። በደረትሽ ከያዝሽው እጅሽን አናቱ ላይ አድርገሽ ታሳልፊዋለሽ።

ደረጃዎቹ ደግሞ በብዙ ዘመን እግር ተልገዋል። የ5 ዓመቷን ስታወርጂ ፊቷን ወደ አለቱ አዙሪያት፤ መሰላል እንደሚወርድ ሰው እጇን እያስያዝሽ ትውረድ። ሶሉ የለሰለሰ ጫማ አታድርጊላት። ማሰሪያው የሚያስቸግርም አይሁን፤ ተለጣፊ ማሰሪያ ያለው ሸራ ጫማ ይበጃል። ብዙ ጊዜ ስለሚወለቅ በየበሩ ክር ስትፈቺና ስታስሪ ግማሽ ቀን ይሄድብሻል።

የመጀመሪያውን ቀን እንዲህ አድርጉት። ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ሲከፈት ቤተ መድኃኔዓለም ድረሱ። ፀሐይ ሳትበረታ፣ ሰውም ሳይበዛ ይሻላል። ውስጡ ሰፊ ነው፣ ምሰሶው ብዙ ነው፤ ልጆቹ ምሰሶ ይቁጠሩ። ጥግ ላይ ለአብርሃም፣ ለይስሐቅና ለያዕቆብ መታሰቢያ ናቸው የሚባሉ ሦስት ባዶ መቃብሮች አሉ። ለእናንተ ልጆች ኢብራሂም፣ ኢስሐቅና ያዕቆብ እንግዳ ስሞች ስላልሆኑ እዚያ ላይ የምትነግሪያቸው አይጠፋሽም።

ከዚያ በአጭር ዋሻ ወደ ቤተ ማርያም ይወጣል። ይህች ዋሻ የ5 ዓመቷ መለማመጃ ትሁን። ወዲያው ብርሃን ስለሚታይ አያስፈራም። ቤተ ማርያም ግቢ ላይ ብዙ ጊዜ ስጡ። መስኮቶቹ ልዩ ልዩ የመስቀል ቅርጽ አላቸው። «ስንት ዓይነት መስቀል አገኛችሁ?» ብለሽ ልቀቂያቸው። በምዕራቡ በር በላይ ሁለት ፈረሰኞች ተቀርጸዋል፤ ልጆች እስኪያገኟቸው ዝም በይ። ራሳቸው ሲያገኙ የሚያወጡትን ድምፅ ለመስማት ስል ነው እኔ ቀድሜ የማላሳየው። ውስጥ ደግሞ በጨርቅ የተሸፈነ አንድ አምድ አለ። ያለፈውና የሚመጣው ሁሉ ተጽፎበታል፣ ስለዚህም አይገለጥም ይባላል። ትልቁ ልጅ «እንዴት አይገለጥም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ካህኑን ይጠይቅ፣ በደስታ ይመልሱለታል። ግቢው ውስጥ ያለውን ገንዳ ግን ተጠንቀቁ፤ ጥልቅ ነው፣ ልጅም ይስባል።

ሁለቱን ከጨረሳችሁ በቃችሁ። 6 ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ 8 ሰዓት ላይ ተመልሶ ይከፈታል። ያን ሰዓት ለምሳና ለእንቅልፍ አውሉት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትበርድ ቤተ ጊዮርጊስ ሂዱ። መጀመሪያ ከላይ ተቀምጣችሁ እዩ፣ ከዚያ በተቆፈረው መንገድ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። መንገዱ ራሱ ልብ ያንጠለጥላል፤ ግድግዳው ከግራና ከቀኝ እያደገ ይሄድና በድንገት ቤቱ ከፊታችሁ ይቆማል። የኖኅ መርከብ ምሳሌ ነው የሚባለውን ለልጆቹ ንገሯቸው። የታችኞቹ መስኮቶች ድፍን፣ የላይኞቹ ክፍት የሆኑት ለዚህ ነው ይባላል፤ ውኃው ከታች ነበራ! መግቢያው አካባቢ አለቱ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ነው የሚባል ምልክት አለ። ልጅሽ መዳፏን ትለካበት።

እዚያው ግቢ ግድግዳ ላይ ባሉ ጉድጓዶች የጥንት ሰዎች አፅም ይታያል። ይህን አትደብቂያቸው፤ ከመውረዳችሁ በፊት ተናገሪ። «ከድሮ ጀምሮ ሊሳለሙ መጥተው እዚህ ያረፉ ሰዎች ናቸው» ማለት ይበቃል። ሳይነገረው ያየ ልጅ ማታ አይተኛም። የተነገረው ልጅ ግን ጥያቄ ጠይቆ ያልፋል።

ጨለማውን በተመለከተ፣ አማትሽ የሰሙት በደቡብ ምሥራቁ ወገን ያለውን ረጅም ዋሻ ሳይሆን አይቀርም። የሲኦል ምሳሌ ነው የሚባል ነው፤ ጭልጥ ያለ ጨለማ ነው፣ ግድግዳ እየዳበሱ ነው የሚያልፉት። ብዙ አስጎብኚ እንግዳውን መብራት አጥፍቶ ያሳልፋል። ከልጅ ጋር ግን መብራት ይብራ፤ በግንባር የሚታሰር ባትሪ ይዛችሁ ኑ፣ እጃችሁ ነፃ ይሆናል። የ8 ዓመቱ ከአባቱ ጋር ይግባ፤ ሲወጣ ጀግና ሆኖ ነው የሚወጣው። ትንሿ ካልፈለገች አትገፋፏት፤ ሌላ መንገድ አለ። በዚያው ወገን ወደ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል መግቢያው በጥልቅ ገደል ላይ የሚያልፍ ድልድይ ነው። በዚህ ዕድሜ እሱን ብትተዉት ይሻላል፤ ከዚያ ወገን አንድ ካያችሁ ቤተ አማኑኤልን እዩ።

ስለ ሃይማኖታችሁ የጠየቅሽው፦ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው። ሙስሊም ነሽ ብሎ የሚያግድሽ የለም። ሂጃብሽ ይበቃል፣ ነጠላ ፍለጋ አትንከራተቺ። ጫማ ማውለቅ ለልጆችሽ አዲስ ነገር አይደለም። በመጋረጃ የተከለለው መቅደስ ከካህናቱ በቀር ለማንም አይገባም፤ ልጆቹ መጋረጃውን እንዳይነኩ ንገሪያቸው። ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ ውጭ ጠብቁ። ካህኑ መስቀል ሲያወጡ ሌላው ይሳለማል፤ እናንተ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ሰላም ብትሉ ማንም ቅር አይለውም። ፎቶ ሲሆን አስፈቅዱ፣ ፍላሽ አጥፉ። ወደ ቤተ ጎልጎታ ግን ሴት አይገባም፤ ይህ ለክርስቲያኗም ያው ነው። አባትና ልጅ ቢገቡ አንቺና ትንሿ ውጭ ትቆያላችሁ፤ ከአሁኑ ካልነገርሻት «ለምን እሱ ብቻ?» ብላ ታለቅሳለች።

ግድግዳ መፋቅ ፈጽሞ ክልክል ነው። አለቱ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ለስላሳ ድንጋይ ነው፤ ለመፈልፈል የተመቸውም፣ ዝናብ የሚበላውም ለዚህ ነው። አንዳንዶቹ ላይ የምታዩት ትልቅ መጠለያ ከዝናብ ሊከላከል የተሠራ ነው። ሳሙናውን ያስታወሰ ልጅ ለምን እንደማይፋቅ ለማስረዳት አያስቸግርም።

ምንጣፉ ላይ ቁንጫ አለ፤ ይህን የሚነግርሽ ሰው ጥቂት ነው። ለልጆቹ ወፈር ያለ ረጅም ካልሲ አድርጊላቸው፣ የሱሪያቸውን ጫፍ ካልሲው ውስጥ ክተቺ። ሕፃኑን ምንጣፍ ላይ አታስቀምጪው። ሆቴል ስትገቡ ልብሱን ከአልጋ ርቃችሁ አራግፉ። ሕፃን ላይ ምንም መድኃኒት አትርጪ።

ሽንት ቤት ከሆቴል ከመውጣታችሁ በፊት፣ ትኬት ስትቆርጡም እንደገና ጠይቁ። አንዴ ወደ ግቢዎቹ ከወረዳችሁ «ሽንቴ መጣ» ካለች መሮጫ የለም፤ ቅዱስ ስፍራ ስለሆነ ጥግ ይዞ ማሸናት አይታሰብም። ለምግቡ የጾም ምግብ ላይ ብትመሠረቱ አትቸገሩም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ አትክልቱ በየምግብ ቤቱ አለ። ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝና ውኃ ቦርሳ ውስጥ ይኑር፤ ግቢው ውስጥ ግን አይበላም። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከኮምቦልቻ ሙቀት ለመጡ ልጆች የቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ ማታዋ ይበርዳል። ባርኔጣም ጋቢም ያዙ።

መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በደሴ፣ በሐይቅ፣ በመርሳ አድርጎ ወልድያ፣ ከዚያ ወደ ጋሸና ወጥቶ ላሊበላ። ከልጆች ጋር ወልድያ እደሩ። ከወልድያ በላይ የድልብ ዳገት ጥምዝምዙ ብዙ ነው፤ ትውከት የሚቀናው ልጅ ፊት ለፊት እያየ ይቀመጥ፣ ቁርሱም ቀለል ይበል። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ላሊበላና ወልድያ ካለ ሰው ጠይቁ፤ አንድ ቀን ቀድማችሁ ሳይሆን በዚያው ጠዋት ጠይቁ። ማታ አትንዱ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከከተማው ትንሽ ወጣ ብላችሁ ናኩቶ ለአብ የሚባለውን ቤተ ክርስቲያን እዩ። ዋሻ ውስጥ ያለ ነው፤ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውኃ በድንጋይ ገበታዎች ይጠራቀማል። ልጆች ጠብታውን እየጠበቁ ይቆያሉ። ውኃው ጠበል ስለሆነ እጅ አይነከርበትም። ቅዳሜ ከሆነ ገበያ አለ፣ የላስታ ማርም ይገኛል። አሸተን ማርያምና ይምርሐነ ክርስቶስ ዳገታቸው ለትናንሽ እግር ይከብዳል፤ ይቆዩ።

አስጎብኚ ስትይዙ መታወቂያ ያንጠለጠለውን ያዙ። «ሦስት ልጆች አሉን፣ ሦስት ቤተ ክርስቲያን ይበቃናል፣ እየቆምን ነው የምንሄደው» በሉት። ፊቱ ካልጠቆረ ጥሩ አስጎብኚ ነው።

በመጨረሻ ገና። ታኅሣሥ 29 ላሊበላ ላይ ያለው ሕዝብ በቃል አይገለጽም። ከየአገሩ በእግር የመጣ ምዕመን ሜዳውን ሁሉ ይሞላዋል። ካህናቱ ማሜ ጋራ ላይ ቆመው «ቤዛ ኩሉ» የሚለውን ዝማሬ ሲያሸበሽቡ ታች ቤተ ማርያም ግቢ ያለው ይመልሳል። አንድ ቀን ልጆችሽ ይህን ቢያዩ ደስ ይለኛል። ግን በዚህ ዕድሜያቸው አይሆንም። መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ ሕዝቡ ሲገፋ የ5 ዓመት ልጅ ሰው ወገብ ሥር ትቀራለች፣ እጅም ይለቀቃል። አልጋም ቀድሞ ይያዛል። ጥር መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤት ለመንፈቅ ዓመቱ ሲዘጋ ኑ። ጥምቀት አልፏል፣ ሕዝቡ ቀንሷል፣ ደረጃውም ደረቅ ነው። ክረምት ላይ ግን አለቱ ያንሸራትታልና ረጅም ዕረፍት ነው ብላችሁ አትምረጡት።